ገዢ እስኪመጣ የእኔ የነበረ ቤተ መቅደስ

የመርካቶ ነጋዴ ያገባች ሴት፣ ቤቷ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የእሷ እንዳልሆነ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባትም። ጠዋት ሻይ የቀዳሁበትን ፔርሙስ ከሰዓት ስፈልገው ተሽጧል። የምንለብሰው ብርድ ልብስ ገና ሳይለምደን ሄዷል። ቴሌቪዥናችን ከነላስቲኩ ነበር የምናየው፤ "ከተቧጨረ ማን ይገዛዋል?" ይላል ባሌ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አባቱም እንዲሁ ነበሩ።

ነጋዴው ሁሉ ዱባይ መመላለስ የጀመረ ሰሞን ነው። ባሌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ከመሳለሚያ ወረድ ብላ ባለች የቀበሌ ቤት፣ ከእናቱ ጋር ሦስት ሆነን እንኖራለን። አንድ ቀን ሱቁ ሞልቶበት የጌም ማሽን ይዞ መጣና ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠው። እኔ ለትዳር ብዬ ትምህርቴን ከመሀል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ እሱ ሲወጣ ቀኑ አይመሽልኝም። ልሞክረው ወይ አልኩት። "ገዢ እስኪመጣ ያንቺ ነው" አለኝ።

አብሮት የመጣው ሲዲ አንድ ብቻ ነበር። ጽሑፉ የጃፓን ነው፣ ምኑም አይነበብ። ጨዋታው ላይ ቀይ ካባ የለበሰች ልጅ አለች፤ ሐይቅ ውስጥ ጠልቃ ስትወርድ ከሥር የድንጋይ ቤተ መቅደስ ታገኛለች። ውስጡ ሦስት ደወሎች አሉ። አንዱ ሲደወል ውሃው እስከ ጣሪያ ይሞላል፤ ሌላው ሲደወል እስከ ወገብ ይጎድላል፤ የታችኛው ደወል ደግሞ ወለሉን ያደርቀዋል። ላይ ያለው መስኮት ጋ ለመድረስ ውሃው መሙላት አለበት። ሲሞላ ደግሞ የታችኛው በር ይዘጋል፤ አንዴ ከተዘጋ ውሃው ቢጎድልም አይከፈትም። መውጫው ያለው ከበሩ ወዲያ ነው፣ ቁልፉ ያለው ከመስኮቱ ላይ። እስቲ ምን ታደርጊዋለሽ?

ያንን ቤተ መቅደስ አልፎ መውጣት አማረኝ። አሁን ሳወራው ቀላል ነው። ያኔ ግን የጀመርኩትን አንድ ነገር እስከ መጨረሻው አድርሼ ማየት ፈልጌ ነበር፣ ገዢው ሳይመጣ።

ማሽኑ፣ ጨዋታው የት እንደደረሰ የምትይዝለት ትንሽ ካርድ ነበረችው። ባሌ ግን ከእሽጓ አላወጣልኝም፤ አንዴ ከተከፈተች እንደ አዲስ አትሸጥም አለ። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ማሽኑን እንደበራ እተወዋለሁ፣ አቧራ እንዳይገባው ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም ከዜሮ ነው። እንደገና ሐይቁ፣ እንደገና ደወሉ።

የባሌ እናት እግራቸውን ስለሚያማቸው እዚያው ክፍል አልጋቸው ላይ ነው የሚውሉት። መጀመሪያ ፊልም መስሏቸው ነበር። ልጅቷ ውሃ ውስጥ ስትቆይ አየር ያጥራታል፤ እሳቸውም አብረዋት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። "አውጫት እንጂ አንቺ፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ" ይሉኛል። ጽሑፉን ስላላወቅሁት ታሪኩን ከሆዴ እያወጣሁ እነግራቸው ነበር፤ ቤተ መቅደሱን ያሠራው ንጉሥ ሦስት ሚስቶች ነበሩት፣ ተጣልተው ውሃውን በሦስት ደወል ተካፈሉት እል ነበር። ማታ ልጃቸውን ይዘው የትኛዋ ሚስት በደለኛ እንደሆነች ይሟገቱታል። እሱም ሁለታችሁም አብዳችኋል ይላል።

ሰፈሩ ግን በዚህ አልሳቀም። ከተጋባን ቆይተናል፣ ልጅ አልመጣም። ልጅ ብታጣ የልጅ ጨዋታ ያዘች ተባለ። አማቴ ሰምተዋል፤ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

የቤተ መቅደሱን በር የከፈተልኝ መጨረሻ ላይ የሱቅ ልማድ ነው። ዕቃ ሲራገፍ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ካርቶን ይደገፍበታል። ወለሉ ደርቆ እያለ ልጅቷ እዚያ የነበረ የድንጋይ ሣጥን ገፍታ በሩ መሀል ላይ አስቆመችልኝ፤ ከዚያ ውሃ የሚሞላውን ደወል ደወልኩ። ውሃው ሞላ፣ በሩ ሊዘጋ መጣና ሣጥኑ ላይ ቀረ። አማቴ እልል አሉ። ልጅቷ ቁልፉን አንሥታ፣ በበሩ ሾልካ፣ ከመውጫው ከብርሃን በር ፊት ቆመች። የቀረኝ እሱን መክፈት ብቻ ነበር። ግን የባሌ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ወጡም ሊያርርብኝ ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ባሌ ከክፍለ ሀገር ነጋዴ ጋር መጣ። ገና ሲገቡ ገባኝ። ምሳ ካልበላችሁ ብዬ ያዝኳቸው፤ እነሱ ሲበሉ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው። ሰውየው መኪና ሊሄድበት ነው፣ እምቢ አለ። ባሌ ነጠላውን ገፎ ቴሌቪዥኑን አበራ። ልጅቷ በሩ ፊት ቆማ ታየች።

"ይኸው፣ ይሠራል" አለ።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ እያየ ማን እንደሚጫወትበት ጠየቀ። ባሌ ወደ እኔ አልዞረም።

"ልጆቹ ናቸው።"

ሚስቴ ናት ማለት አሳፍሮት ነው፣ ይገባኛል። ግን የጎረቤት ልጅ ማለት ይችል ነበር። የእህቴ ልጅ ማለት ይችል ነበር።

"ያሳድግልህ" አለ ሰውየው። ባሌ አሜን አለ። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ባሌ ገመዱን ከነሶኬቱ ሊመነጭቀው ሲል እኔ ቀደምኩትና ነቀልኩት። ማሽኑን በዚያው ነጠላ ወልውዬ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩ። ሰውየው ሳዝን አይቶ መሰለኝ፣ ሲቀበለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አያለቅሱብሽም?"

"ለምደውታል" አልኩት።

ባሌ ገመድ ይጠቀልል ነበር። ቀና አላለም።