መምህር ይሄይስ አውሮፕላን ያነሳል

ወረታ ውስጥ ስለ መምህር ይሄይስ ብትጠይቁ ፊዚክስ አስተማሪ መሆኑን ከመንገራቸው በፊት እየሳቁ ስለ አውሮፕላኖቹ ያወሩላችኋል። አርባ ሦስት ዓመት የሞላው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተቀምጦ የጦር አውሮፕላን በትንንሹ ከእንጨት እየቀረጸ የሚሠራ ሰው ነው። ሚስቱ ሙናዬ ቁም ሣጥኑ ላይ የተደረደሩትን አውሮፕላኖች «ጣውንቶቼ» ትላቸዋለች፤ አቧራቸውን የምትጠርገውም እሷው ናት። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሰው በዚህ ዘመን ከስንት ነገር መካከል የጦር አውሮፕላን መውደዱ ያናድደኛል። ነገሩን ከሥሩ ስሰማ ግን ንዴቴን ዋጥኩት።

ይሄይስ የደብረ ዘይት ልጅ ነው። አባቱ ሃምሳ አለቃ ዘመነ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የጦር አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረዋል። ከሁሉም የሚወዷት አንዲት ኤፍ ፋይቭ ጄት ነበረች፤ እስከ ዛሬ «የኔዋ» ነው የሚሏት። ግራ ጎኗን ጥይት በስቷት ነበርና ከሌላ አውሮፕላን ቆርጠው በገዛ እጃቸው ለጠፉላት። የልጥፉ ቀለም ከሌላው አካሏ ጋር አልገጠመም፤ እንደዚያው ሆና በረረች። ታዲያ ከእሷ ጋር አንድ ፎቶ እንኳ የላቸውም። የአየር ኃይሉ ግቢ ውስጥ ካሜራ ማስገባት ክልክል ነበር። ጡረታ ሲወጡ ይዘው የወጡት የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

አሁን አንዱ ዓይናቸው ጠፍቷል። ሁለተኛውም ሲደክም ሰንብቶ፣ ዘንድሮ ሐኪሙ «ከፋሲካ ካለፈ ተመስገን በሉ» ብሏቸዋል። በግጭቱ የተነሳ መንገዱ እንዲህ ከሆነ ወዲህ ይሄይስ አባቱን ካያቸው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሁለቴ ተነሥቶ ሁለቴ ከመንገድ ተመልሷል። እሱ መድረስ ካልቻለ ፎቶዋ ትድረስ አለ። ዓይናቸው ሳይዘጋ «የኔዋን» በእንጨት ሠርቶ በፎቶ ሊያሳያቸው ቆረጠ። መጫወቻ የምትመስል ፎቶ አይደለችም የፈለጋት፤ አባቱ አይተው «እሷው ናት» የሚሏትን ነው።

ዓመት ከአምስት ወር ፈጀበት። ክንድ የምታህል አካሏን ከዋንዛ ቀረጸ። የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት አለበሳት። የአብራሪውን መስታወት ከሃይላንድ ፕላስቲክ በሻማ እያሞቀ አወጣው፤ ጎማዎቿን ከመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ቆረጠ። የብሎኖቿን ራስ አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ሲነቅስ ሙናዬ «ዓይንህን ልታጠፋ ነው» እያለች ትጮህበት ነበር። እሑድ እሑድ አባቱ ይደውሉና በቃላቸው ያወርዱለታል፦ እዚህ ጋ አራት ብሎን፣ እዚያ ጋ ጥላሸት፣ እዚህ ጋ ደግሞ የዘይት ጠብታ። ልጥፏን ከሁሉ በኋላ፣ ትንሽ ፈዘዝ ባለ ግራጫ ቀባት። 

ለፎቶው ሜዳ ያስፈልግ ነበር። ከተማው ውስጥ ካነሳት ከኋላዋ ባሕር ዛፍና የቆርቆሮ ጣሪያ ይገባል። ሩዝ የታጨደበት የፎገራ መሬት ግን በጥር ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እስከ አድማስ ድረስ ልክ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ይዘረጋል። የሙናዬ የአክስት ልጅ የኔነህ ደግሞ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ማሳ አለው። ይሄይስ ጠዋት ጠዋት አውሮፕላኗን በካርቶን ይዞ ይወርዳል፣ አመድ በተነሰነሰ ሳንቃ ላይ ያቆማታል፣ በሆዱ ይተኛና ስልኩን ከመሬት አስጠግቶ ያነሳታል። አንድ ቀን ነፋሱ አቧራ አለበሳት። አንድ ቀን የየኔነህ ላም ከኋላ ገብታ የጦር አውሮፕላኗን ዶሮ አሳከለቻት። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ፣ ልጥፏ ቁልጭ ብላ ወጣች። ይሄይስ እዚያው መሬቱ ላይ እንደተኛ አለቀሰ። ነፃነት የምትባል ባልደረባው ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ ኢንተርኔት ስለተዘጋ ፎቶዋን ይዛ ሄዳ፣ አሳጥባ ደብረ ዘይት ልታደርስለት ቃል ገብታለች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

እንግዲህ እኛ አገር «አንሳኝ» ካሉ ፎቶ ነው፤ «ፎቶ» የሚለውን ቃል ማን ያባክነዋል? የኔነህም አላባከነውም። ይሄይስ ማሳው ላይ ካርቶኑን ሲያስር፣ የኔነህ ገለባ ጭኖ ሲወጣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መንገድ ላይ አስቆሙት። የማን ወገን ናቸው አትበሉኝ፣ አልነግራችሁም፤ እኔም ልጆች አሉኝ። ማሳህ ላይ የሚመላለሰው የከተማ ሰው ማነው አሉት። እሱም በዘመዱ እየኮራ መለሰ።

«መምህር ይሄይስ ነው። አውሮፕላን ያነሳል።»

ሰዎቹ ተያዩ። እንዴት አድርጎ ነው የሚያነሳው አሉት፤ በሆዱ ተኝቶ፣ በስልኩ ነው አለ። ካነሳት በኋላስ ወዴት ነው የምትላከው?

«ደብረ ዘይት፣ አባቱ ዘንድ።»

ወይ የኔነህ! ልብ አርጉ፤ አንዲት ውሸት የለችበትም፤ እነሱ ግን የሰሙት ድሮን የሚያስነሳ ሰላይ ነው።

ይሄይስን ካርቶኑን እንዳቀፈ ወስደው ሩዝ ማከማቻ ውስጥ አስቀመጡት። መስኮት የለውም፤ በጆንያ ክምርና በግድግዳው መካከል አንድ ሰው ብቻ ያስቆማል። እስከ ከሰዓት ድረስ እዚያ ቆመ። የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት አሰበ፣ ሙናዬን አሰበ፣ ከሁሉም በላይ ግን በስልኩ ውስጥ ያለችውን ፎቶ አሰበ። ፈርቶ ነበር።

አለቃቸው ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነው። ካርቶኑን አስከፈተ፣ አውሮፕላኗን ገለበጣት፣ በጥፍሩ ፋቅ አደረጋት፣ እንጨት መሆኗን አየ። ሳቅ እንኳ ሊያመልጠው ነበር። ፎቶውን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። ስልኩ ላይ ያለችው እንጨት አይደለችም፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ያረፈች የጦር አውሮፕላን ናት። ይህቺ ፎቶ ብትወጣ እዚህ ቀበሌ ላይ ምን እንደሚመጣ ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው። ይሄይስ ያውቃል። የተካነ እጁ ነው ያስያዘው፤ ትንሽ አበላሽቶ ሠርቷት ቢሆን ኖሮ ይስቁበትና ይለቁት ነበር።

አንዷን ብቻ ተውልኝ፣ የአባቴ ዓይን ሊጠፋ ነው ብሎ ለመነ። አለቃው ስልኩን እንደያዘ ቀና አለ።

«አባትህ ደብረ ዘይት ምን ይሠሩ ነበር?»

ይሄይስ አፉን ከፈተ። ሃያ ስድስት ዓመት የጦር አውሮፕላን ጠገኑ ብሎ ከተናገረ ከዚያ ማከማቻ እንደማይወጣ ገባው።

«ልብስ ሰፊ ነበሩ» አለ።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ተሰረዙ። ከዚያ ወረቀት ሰጡትና አስፈረሙት፦ «ከእንግዲህ አውሮፕላን አላነሳም።» አውሮፕላኗን ግን መለሱለት፤ ጥሩ እጅ አለህ ብለውም ሸኙት።

ሐሙስ ጠዋት ነፃነት ሄደች። እንደገና ቤት ውስጥ ላንሳት ቢላት፣ በየኬላው ስልክ ይፈተሻል፣ ልጆቼን አስብልኝ አለችው። አውሮፕላኗን ራሷንማ ማን ይዞ ያልፋል? ይሄይስ አልተቀየማትም። አውሮፕላኗን ቁም ሣጥኑ ላይ ልጥፏን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጣት።

እሑድ አባቱ ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱትም።

«አነሳሃት ወይ ልጄ?»

ሙናዬ ከበሩ ላይ ታየዋለች። ስልኩንስ ማን እንደሚሰማው ማን ያውቃል? ይሄይስ ልብስ ሰፊ ያላቸውን አባቱን አንድ ጊዜ ደግሞ መካድ አቃተው።

«አነሳኋት አባባ።»

«ልጥፏስ?»

«ቁልጭ ብላ ታየች።»

ሃምሳ አለቃ ዘመነ በደስታ ሳቁ።

«እንግዲህ እስክትደርስ ዓይኔን ልቆጥብላት» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በጨርቅ አስሬ እቀመጣለሁ፤ ለምንም አልፈታውም። ስትደርስ ብቻ እፈታዋለሁ።»