ከረግረጉ ማዶ የቀረው ጥሪ

ቨርዲ ቲው ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከረግረጉ ማዶ ካለው ከኤዝራ ጄርኒጋን ጋር ጠዋት ጠዋት ትጠራራለች። በሰሜን ካሮላይና በዚያ ቆላ፣ ጎህ ሲቀድ በረንዳ ላይ ወጥቶ እያንዳንዱ በራሱ ዜማ ይጮሃል። ጩኸቱን ሆለር ይሉታል። ቃል የለውም፤ «ደህና አድሬያለሁ» ማለት ነው። መልስ ከጠፋ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል።

የኤዝራ አሳማ ስኳር ድንቿን ቆፍሮ ከጨረሰባት ጊዜ ጀምሮ ግን አልመለሰችለትም። የምድጃዬን ጭስ ያይ የለም እንዴ፣ ብላ። እሱ ይጣራል፤ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ላሟን ታልባለች።

ዛሬ እሱም ዝም አለ።

ባልዲውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች። በረንዳው ላይ ወጣች፤ ገባች፤ ደግሞ ወጣች።

«አክስቴ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል?» አለች አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ኔልማ። ኔልማ አስተማሪ ናት።

«ማን ተቁነጠነጠ? ይልቅ ያ መዝገበ ቃላትሽ ስለ ሆለር ምን ይላል?»

«መጮህ ይላል። ማማረርም ይሆናል። ከፈረንሳዮች የመጣ ነው መሰለኝ፤ ‹ሆይ፣ እዚያ ያለኸው!› እንደ ማለት። አዳኞች ውሻቸውን ይጠሩበት ነበር።»

«እኛ ውሻ ነን?»

«እኔ ምን አደረግኩ፣ መጽሐፉ ነው!»

«እሺ፣ እዚያ ያለ ሰው ባይኖርስ?»

ቨርዲ ወጥታ በራሷ ዜማ ጮኸች። ቁራ ብቻ መለሰላት። ቀሚሷን ሰብስባ በግንዱ ድልድይ ተሻገረች።

ኤዝራ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ አንገቱን ስብ በተቀባ ጨርቅ ጠምጥሞ።

«የሞትክ መስሎኝ!»

«ብሞትስ?» ድምፁ እንደ ደረቅ የበቆሎ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። «ሳምንቱን ሙሉ ስጮህልሽ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ድንቹን አሳማው በላ እንጂ እኔ በላሁ?»

«አጥር የማታጥር ሰነፍ!»

«ዛሬ ስትጣሪ መልሼልሻለሁ እኮ። ለራሴም አልተሰማኝም።»

ሌላ ስድብ አዘጋጅታ ነበር፤ ይልቅ የላላውን ጨርቅ አጠበቀችለት። በዚህ መሃል ከታች በኩል ኦቲስ የሚባለው ጎረቤት በራሱ ዜማ ጮሆ የኤዝራን ደህንነት ጠየቀ። ቆየና ደገመው፤ አሁን ተጣድፏል። ኤዝራ አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

የሰው ዜማ መውሰድ ነውር ነው። ቨርዲ አየችው፤ በእሺታ ራሱን ነቀነቀላት። ምሰሶውን ይዛ፣ በቀጭን ድምፅዋ፣ የኤዝራን ዜማ ለቀቀችው።

ታች ያለው ሰውዬ ጭጭ አለ።

«አሁን ኦቲስ ምን ይል ይሆን?» አለች ደንግጣ።

«ቨርዲ ኤዝራ ቤት ጠቅልላ ገባች ይላላ።»

«አፍህን ዝጋ!» አለችና ኦቲስ እስኪመልስ እንደገና ጮኸች።