ከአባ ታከለ ገበጣ የሰረቅሁት ጠጠር

ይህን ለእናቴም ለሚስቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ግን ስሙኝ።

ከጻቫ፣ ከውትድርናው፣ የወጣሁ ሰሞን ሥራ አልነበረኝም። ኦሺዮት ሰፈር፣ ከሕንፃችን ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ከጎረቤታችን ከአባ ታከለ ጋር ገበጣ ስጫወት እውል ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በየጉድጓዱ ያለውን ጠጠር በጣታቸው ዳብሰው ያውቃሉ፤ የእኔንም ጭምር በልባቸው ይይዛሉ። ሁልጊዜ ያሸንፉኛል። ሲያሸንፉም ለከበበን ሰው፣ «ይሄ ወታደር ዓይን የለውም እንዴ?» ይላሉ። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይቃጠላል።

አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን እጃቸውን ከገበጣው ሲያነሱ ጠብቄ ከጉድጓዳቸው ጠጠር ሰረቅሁ። ተራቸው ደርሶ ሲዳብሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ሌላም አልነበረም?»

«አልነበረም አባ።»

«እንግዲያ እኔ ነኝ የሳትኩት።»

ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! በነጋታውም ሰረቅሁ፤ ከዚያም ሰረቅሁ። ማሸነፉን እንኳ ረስቼው ነበር። ጣታቸው የጎደለውን ጠጠር ፍለጋ ጉድጓዱ ውስጥ ሲንከራተት ማየት ነበር የምፈልገው። ምን ዓይነት ሰው በዚህ ይደሰታል? እኔ።

እሳቸውም ራሳቸውን መጠራጠር ጀመሩ። መድኃኒት ውጠው «ውጫለሁ እንዴ?» ይላሉ፤ በር ቆልፈው እንደገና ሊቆልፉ ይመለሳሉ። ልጃቸው ብርቱካን ጨንቋት ደረጃው ላይ አስቆመችኝ።

«አባየ ይረሳሉ እንዴ? ካንተ ጋር ነው የሚውሉት፤ እውነቱን ንገረኝ።»

እውነቱን ንገረኝ አለችኝ። እኔም ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ «አዎ፣ መቁጠር እንኳ እያቃታቸው ነው» አልኋት።

ነስ ጺዮና ከተማ ወዳለ ቤት አቮት፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያ፣ ወሰዷቸው። እዚያ በአማርኛ የሚያወራቸው አልነበረም። አንዴ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ገበጣውን ጭናቸው ላይ ሳደርግላቸው በእጃቸው ገፉት።

«ተወው ልጄ። እኔ ከእንግዲህ ራሴን አላምነውም።»

ያኔስ ምን አፌን ያዘው? ምንም። ገበጣውን አንስቼ ወጣሁ፤ ተመልሼም አልሄድሁ።

እዚያው አረፉ። ለሺቭዓ፣ ለለቅሶው፣ የሄድሁ ቀን ብርቱካን ሰው ፊት እጄን ይዛ፣ «ሕመማቸውን ቀድሞ ያወቀላቸው ይሄ ልጅ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥህ» አለች። ሽማግሌዎቹም መረቁኝ።

አሜን አልሁ። በዚህ አፌ አሜን አልሁ!

ልጅ ነበርሁ አልልም፤ ተናድጄ ነበር አልልም። እናንተም ይቅር አትበሉኝ፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የብርቱካን ነው፤ እሷን ደግሞ ልጠይቃት አልደፈርሁም። ዛሬም ባቡር ጣቢያው ላይ ስታገኘኝ አቅፋ ትስመኛለች። እኔም ጉንጬን እሰጣታለሁ።