ያልተከፈተው ፖስታ

አጎቴ አዳማ ውስጥ፣ መግነጢሳዊ መስክ የልም አጥንት (በመገጣጠሚያ ላይ ያለው ለስላሳ አጥንት) ሴሎችን ያበዛ እንደሆነ ለምንመረምር ለእኛ መሣሪያ ይሠሩልን ነበር። ሁልጊዜ ሴሎቹን የምናስቀምጥባቸው ሁለት ሳጥኖች ይሠራሉ፤ የሁለቱም መብራት ይበራል፣ መስክ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ጽፈው ፖስታ ውስጥ ያሽጉና፣ «ካወቃችሁ ታዳላላችሁ! የሴሎቹ ቆጠራ ሲያልቅ እኔው እከፍተዋለሁ» ይሉን ነበር።

ዘንድሮ ቆጠራው ሳይጋመስ አረፉ። በሠልስቱ ማግስት እናቴ ፖስታውን ከመሳቢያቸው አወጣችው።

«ክፈቺው እንጂ! የወንድሜ የመጨረሻ ጽሑፍ እኮ ነው።»

የካቻቪቴያቸውን ጫፍ ፖስታው እጥፋት ስር አስገባሁ። የእጅ ጽሑፋቸው እኔንም ናፍቆኛል። ግን ሴሎቹን የምቆጥረው እኔ ነኝ።

«አልችልም፣ እማዬ።»

ተቆጥታ ወጣች። ፖስታውን መሳቢያው ውስጥ ቆለፍኩበት። አሁን በየቀኑ እቆጥራለሁ፤ ስጨርስ ግን የሚከፍትልኝ የለም።