እናቴ የማታውቀው ኬሚስትሪ

የተፋቀ እንሰት ኮምጣጣ ሽታ ከጎረቤት አጥር አልፎ በመጣ ቁጥር የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ትዝ ይለኛል። ዲላ ዳር ላይ፣ እንሰትና ቡና ከበውት በነበረው ቤታችን፣ እናቴ ቀኑን ሙሉ ከሰፈር ሴቶች ጋር እንሰት ስትፍቅ ውላ፣ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች ትገባ ነበር። ያ ሽታ ከልብሷም ከእጇም አይለቅም ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ተጀምሮ የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ወደቅሁ። አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። «ዘንድሮ ከወደቀች ሐዋሳ እህቴ ሱቅ ትግባ፣ ትምህርት ለሁሉም አልተፈጠረም» አለና ወደ ጓሮ ወጣ። አክስቴ ሱቅ ገብታ ወደ ትምህርት የተመለሰች ዘመድ አላውቅም፣ እኔ ደግሞ መማር ነበር የምፈልገው፣ በጣም። የሚያስጠናኝ ሰው ስላልነበረ እናቴ «በይ ለእኔ ንገሪኝ» አለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ መምህሩ በአማርኛ፣ እኔ ደግሞ ለእሷ በጌዴኦኛ እየገለበጥኩ ከራት በፊት እነግራት ነበር፤ እሷም እግሯን እየታጠበች ሁሉንም «ከዚያስ?» እያለች ትሰማኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሞል በሚሉት የኬሚስትሪ መለኪያ ውስጥ ስድስት ብሎ ሃያ ሦስት ዜሮ የሚያስከትል ቅንጣት እንዳለ ነገርኳት።

«ቅንጣቱ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ታዲያ የማይታየውን ማን ቆጠረው?»

«መጽሐፉ ነው የሚለው» አልኳት ተናድጄ።

«መጽሐፉንማ ፈተና ላይ ይዘሽ አትገቢም» አለችና እግሯን ማድረቅ ጀመረች። እኔም ታክቶኝ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ጥቅምት ገብቶ ቡናው ሲቀላ ሁሉም ለቀማ ላይ ስለሚሆን ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ይሆን ነበር። እኛም ከጓሯችን ለቅመን፣ እሸቱን በጆንያ ተሸክመን ቡና መፈልፈያው ደጃፍ ተሰለፍን። መዛኙ ጆንያችንን ሚዛን ላይ አውጥቶ ኪሎውን ጠራና ወደ ቀጣዩ ዞረ። ቆሜ ቀረሁ።

«እማዬ፣ አይቆጥሩትም እኮ፣ ይመዝኑታል። የአንዷን ፍሬ ክብደት ካወቅሽ ስንት ፍሬ እንዳለ ከኪሎው ታገኚዋለሽ። ሞልም እንዲሁ ነው» አልኳት። ሰልፈኛው ዞሮ አየኝ። እናቴ ባዶውን ጆንያ እያጠፈች «ከዚያስ?» አለች።

በጋው እንዲህ አለፈ። ብዙ ጊዜ እየነገርኳት እንቅልፍ ይዟት ይሄድ ነበር፣ ዝም ስል ግን ብንን ብላ ያችኑ ቃሏን ትደግማለች፣ እኔም ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ ኬሚስትሪን አለፍኩ፣ ያውም ለጥቂት። አባቴ ካርዱን አገላብጦ አይቶ «እንግዲህ ትማር» አለ። እናቴ ጌታን አመሰገነችና ወደ እንሰቷ ተመለሰች።

ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ስገባ ልጄ የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክሷን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ስልክ አላት፣ ቪዲዮ አላት፣ የተማረች እናት አለቻት። ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልሱን እነግራታለሁ፤ ደክሞኛላ፣ ቶሎ አልቆልኝ ጋደም ልበል እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ፈተናዋን ወድቃ መጣችና «ማሚ፣ አንቺ ስትነግሪኝ ሁሉም ይገባኛል፣ ክፍል ስገባ ግን ባዶ ነኝ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እናቴ ስለማታውቅ እስክነግራት ትጠብቀኝ ነበር። እኔ አውቃለሁ፣ መጠበቅ ግን አቅቶኛል።

ትናንት ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩና «በይ ንገሪኝ» አልኳት። ግራ ተጋብታ አየችኝና ጀመረች፣ ወዲያው ተሳሳተች፣ መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የጻፈችውን ሰርዛ መጽሐፉን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች። ዓይኔ በድካም እየተከደነ «ከዚያስ?» አልኳት።