ለደምሌ የሠራነው መቀመጫ

ከማንኩሳ በላይ፣ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ቁልቁል የሚያይ አንድ ራሰ በራ ኮረብታ አለ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ አያየውም። አልፈርድበትም፣ የሚታይ ነገር የለውም። ዛሬ በርበሬና በቆሎ ይበቅልበታል። በጣሊያን ጊዜ የኛ ጦር የመጨረሻውን ውጊያ የገጠመው እዚያ ላይ ነው። ልጆች ስለ ጀግንነቱ ንገረን ትሉኛላችሁ። ስለ ጀግንነት የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ አሮጌ መኪና መቀመጫ ነው። ለመሳቅ አትቸኩሉ።

ስሜ ሁሴን ነው፤ የቡሬ ቆዳ ነጋዴ። ጣሊያን ቆዳውን እኔ በቆረጥሁት ዋጋ ካልሸጥህ ብሎ መጋዘኔን ሲያሽግብኝ ጫካ ገባሁ። ለአገሬ ብዬ ነው ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። የአገሩ ነገር የመጣው ግን ጫካ ከገባሁ በኋላ ነው። የፊታውራሪያችንን ስም አልጠራም፤ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ፣ ከኔም ቆዳ ይገዛሉ።

መኪናዋን ያገኘናት ጣሊያን ገና ቡሬ ሳለ ነው። ትእዛዙ በቃል መጣ፤ ከቡሬ ማንኩሳ የሚመላለሰውን የጦር መኪና ቁረጡ የሚል። ጎህ ሳይቀድ ወረድን። መንገዱ ላይ ግንድ ጣልን። ፀሐይ ስትወጣ መጣች። ተኮስን። ሁለት ጣሊያኖች ወደቁ፣ ከኛ አንድ ሰው ክንዱን ተመታ። ገደልም ጭቃም የማትፈራ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ብዙ የተንገላታች መኪና ነበረች። ሹፌሩን ተክሌን ከነነፍሱ ያዝነው። የሐማሴን ሰው ነው፣ ለጣሊያን በወታደርነት ያደረ።

የአገራችን ሰው በቅርጫ በሬ ሲያርድ እንዴት እንደሚካፈል ታውቃላችሁ። ሥጋው በየመደቡ ይደረደራል፣ ከጉበቱም ከጎድኑም ለሁሉም እኩል ይደርሳል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። እኛም ምርኮ የምንካፈለው እንዲሁ ነበር። ለጠብመንጃና ለጥይት ደግ ሥርዓት ነው፣ ማንም አይኳረፍበትም። መኪና ግን ማርከን አናውቅም። ቅጠል አነጠፍንና አረድናት።

አካፋዩ ደምሌ ነበር። ደምሌ የማንኩሳ አራሽ ነው፤ እጁ ሚዛን፣ አፉ ምላጭ የሆነ ሰው። ለራሱ አድልቶ ስለማያውቅ ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያካፍለን። የፊቱን ሁለት ወንበሮችና የኋላውን ረጅም ወንበር በጩቤ ገፈፋቸው። ጥሩ ቆዳ ነበር፤ ሙያዬ ነውና አልዋሽም። ለአንዱ ቆዳው፣ ለአንዱ ሞላው፣ ለአንዱ የወንበሩ ብረት፣ ለአንዱ መስታወቱ ደረሰ። እስላምና ክርስቲያን በሬ አብሮ ስለማይካፈል እስከዚያ ቀን ከጓዶቼ ጋር ቅርጫ ገብቼ አላውቅም ነበር። መኪና ሥጋ የላትም፣ ገባሁ። የኔ ዕጣ የወደቀው ብሎኖቹ ላይ ነው። ሞተሩን መደብ ያደረገው የለም፤ አይበላ፣ አይለበስ፣ አይተኮስ።

ተክሌ እጁን ታስሮ ዳር ቆሞ ሲያየን ቆየና «ጎማዎቹንስ ለማን ልትሰጡ ነው? ሽንጥ እኮ ናቸው» አለ። ሳቅን። ነፍሱን ያተረፈለት ይኸ ቀልዱ ይመስለኛል። ፊታውራሪ በኋላ ሰምተው ተቆጡ፣ የቀረው አካሏ ጥሻ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጥ አሉ። ተክሌም አብሯት ተቀመጠ፣ ቀስ በቀስም የኛ ሰው ሆነ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉና ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ። በማንኩሳ በኩል ወደ ዛሬው ፍኖተ ሰላም ሲያፈገፍግ ኮረብታው ላይ ሆነን ጠበቅነው። ማለዳ ጀመርን። ካሚዮኖቹ ቆሙ። መትረየስ ከታች ተከፈተ። ድንጋዩ ይበተን ነበር። ሁለት ጊዜ ወጡብን፣ ሁለት ጊዜ መለስናቸው። እኩለ ቀን ላይ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እነሱ ሄዱ፣ እኛ የራሳችንን ሰዎች ማንሳት ጀመርን። ሰባት ሰው ሞቶ አገኘን። ደምሌ በሕይወት ነበር፤ ጥይት የቀኝ ታፋውን አጥንት ሰብሮት ወጥቷል።

ከሱዳን በኩል ከመጣው ጦር ጋር አንድ ሐኪም ቡሬ እንደ ገባ ሰምተናል። ተክሌ በጣሊያን ቤት ብዙ ቁስለኛ አይቷል። ቁስሉን ገልጦ አሸተተና ወደ ጎን ወሰደኝ። «እግሩ ሳይሸት ከደረሰ ይተርፋል። ከሸተተ ግን አትድከሙ» አለኝ። በቃሬዛ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። በመኪና ከቁርስ እስከ ምሳ ደርሶ ይመለሳል። ሞተሯ ይነሣል፣ ቤንዚንም አለ። የሌላት መቀመጫ ብቻ ነው።

እንዲሁ ሞከርን። ደምሌን ባዶው ብረት ላይ ጭድ አንጥፈን አስተኛነው። ተክሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነዳ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ድንጋዩ ከሥሩ ሸሸና መሪውን ለቀቀ። ደምሌ ተንከባለለ፣ የታሰረው ቁስል ተፈታ፣ ደሙ እንደ ገና ፈሰሰ። ተሸክመን መለስነው። ራሱን ስቶ ከቆየ በኋላ ዓይኑን ገልጦ አየኝና «አያ ሁሴን፣ ያንን ወንበር የገፈፈው ማን ነበር? እጁ ይቆረጥ» አለ።

የቆዳ ነገር ስለሆነ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መደቡ ይመለስ ብዬ አስለፈፍሁ። ማንም አልሰሰተም፤ ሰዉ ሁሉ የደረሰውን ይዞ መጣ። አንዱ ዝናሩን ፈታ፣ አንዱ ጫማውን አውልቆ ባዶ እግሩን ቀረ። ነገር ግን ከጫማ ጠፍርና ከጎራዴ አፎት መልሶ ወንበር የሚሰፋ ሰው አልተፈጠረም። የወንበሩ ብረት የደረሰው ሰውማ ለቀጥቃጭ ሰጥቶት ማጭድ ሆኗል። ደህና የተመለሰው የኔ ብሎን ብቻ ነው።

ስለዚህ ባገራችን ነገር ሠራነው። የመንደሩ ቄስ አልጋቸውን ሰጡን። «መሬት ላይ መተኛት ለነፍሴም ይበጃል» አሉ። የአልጋውን እንጨት ቆርጠን አሳጠርነው። ለጦሩ የታረደ የበሬ ቆዳ ነበር፣ ገና እርጥብ። ከዳር ጀምሬ እያዞርሁ ሳይበጠስ አንድ ረጅም ጠፍር አወጣሁበት። ደምሌን በተኛበት በስንዝር ለካሁት፤ ራሱ ከፍ እንዲል፣ የተሰበረው እግር እንዲዘረጋ፣ ጎንና ጎኑ እንዳያንከባልለው። ጠፍሩን ሁለት ሰው እየጎተተልኝ ጠለፍሁት። ተክሌ ወለሉ ላይ በነበሩት ቀዳዳዎች በብሎን አሠረው። ለራሱ የጥይት ሣጥን ላይ አሮጌ የበቅሎ ኮርቻ ቸነከርንለት። «ጣሊያን ይኸን ቢያይ ቀድሞ በወጣ» አለ።

ጠፍር እርጥቡን ሰው ከጫኑበት ይረግባል፤ በፀሐይ ደርቆ ሲከር ብቻ ነው የሚሸከም። የዚያ ቀን ቀሪው ፀሐይ ለዚያ ሄደ። ማታ በጣቴ ብመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። አጎዛ አነጠፍንበት። ተክሌ የደምሌን እግር ደግሞ አሸተተና «ገና ነው፣ ነገ ማልደን ከሄድን ይደርሳል» አለ። እኔም በነጋዴ ዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ሥራዬ ያኮራኝ የለም።

ጧት ደምሌን ልንጭን ስናነሣው ፊታውራሪ መጡ። አብረዋቸው አንድ ግራዝማች ነበሩ፤ ባለፈው ወር ከጣሊያን ጎን ሆነው ሲተኩሱብን የነበሩ፣ አሁን መቶ ጠብመንጃ ይዘው የገቡልን። ፊታውራሪ መኪናዋን ዞረው አዩ። አመሰገኑን። ከዚያ ተክሌን ሞተሩን አስነሣ አሉት።

መቀመጫው ለቁስለኛው የተሠራ መሆኑን፣ ነገሩ የሰዓት ጉዳይ መሆኑን መሬት ስሜ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ሁሴን፣ ቡሬ ላይ ትልልቅ ሰዎች ገብተዋል። ዛሬ ፊታቸው ቀድሞ ያልታየ ሰው ነገ አርበኛ አልነበረም ይባላል። የምሄደው ለናንተው ነው» አሉ።

«ጌታዬ፣ በበቅሎ ቢሄዱስ?»

«ግራዝማችን በበቅሎ አስከትዬ ልግባ? ማራኪ ልምሰል ወይስ ነጋዴ?» አሉና ሳቁ። «እንደ ደረስሁ መኪናውን መልሼ እልካለሁ። ለምሳ እዚህ ትደርሳለች።»

ተክሌ ሞተሩ እምቢ አለ ብሎ ሊዋሽ ሞክሮ ነበር። ግራዝማች ሽጉጣቸውን ከአፎቱ አውጥተው በመሐረብ ይጠርጉት ጀመር፣ ሞተሩም እሺ አለ። ፊታውራሪ ከሹፌሩ ጎን ቆርቆሮ ሣጥን ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ተቀመጡ። ግራዝማች ወደ ኋላ ወጥተው አጎዛው ላይ ጋደም አሉ፣ ጠፍሩን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ምቹ መሆኑን መሰከሩ።

ደምሌ መሬት ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ድምፁ ደክሟል፣ ሁላችንም ግን ሰማነው።

«ግራዝማች፣ በኔ ልክ የተሠራ ነውና ይረዝምብዎታል» አለ።

መኪናዋ ሄደች።

ጠበቅን። ያን ጊዜ ወዲያው ተሸክመነው ብንነሣ ኖሮ እያልሁ ብዙ ዘመን አስቤበታለሁ፤ ግን የጌታ ቃል ተሰጥቶናል፣ ደምሌም ራሱ በቃሬዛ መንገላታቱን ፈርቶ እንጠብቅ ብሏል። ጥላ ሥር አስተኝተን መንገዱን እናያለን። አቧራ ባየን ቁጥር እንቆማለን፤ ከብት ይሆናል። የምሳ ሰዓት አለፈ። ደምሌ ላብ አጠመቀው፣ ወሬውን ተወ። ከታፋው የመጣው ሽታ ለሁላችንም ደረሰን።

ቃሬዛ አነሣን። አራት አራት ሆነን እየተቀባበልን በሩጫ ሄድን። ባዶ እግሩን የቀረው ጓደኛችን ተራውን ለማንም አልሰጥም አለ። የቡሬ ዛፎች ከሩቅ ሲታዩ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ አንዱ ወንዝ ላይ ልናሻግረው ውኃ ውስጥ ገባን። ደምሌ ውኃ ጠየቀ። በእጄ ዘግኜ ሰጠሁት። «መኪናዋ መጣች?» አለኝ። መጣች አልሁት። ወንዙን ሳንጨርስ ሞተ። በማግሥቱ እዚያው አጠገብ ካለ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። እነሱ ሲጸልዩ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ የኔን ጸለይሁ።

ተክሌን ቡሬ ከተማ አገኘሁት። እንደ ደረሱ ትልልቆቹ ሰዎች ይዘውት ከዚያ ወዲህ ሲያመላልሳቸው ዋለ። ልምጣ ብሎ ሦስት ጊዜ ቢለምን የሰማው የለም። ሐኪሙ ያን ቀን ሥራ ፈትቶ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ነገረኝ። መኪናዋ ስትገባ ተነሥቶ መጥቶ መቀመጫውን አየ፣ በአስተርጓሚም «ይኸ የቁስለኛ አልጋ ነው፤ ቁስለኛው የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ግራዝማች ያገራችን መቀመጫ እንዲህ ነው ብለው መለሱለት። ሐኪሙ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከነጻነት በኋላ ግራዝማች ዳኛ ሆኑ። በቆዳ ክርክር ሁለት ጊዜ ፊታቸው ቆሜአለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ፈርደውልኛል፤ በሙያቸው ክፉ አልነበሩም። ፊታውራሪም ለኛ ያሉትን ሹመት አገኙ፣ ለራሳቸው።

የኮረብታው ሙታን በአደባባይ ሲጠሩ ሰባት ተባለ። ደምሌ የሞተው በመንገድ እንጂ በጦር ሜዳ አይደለም ተብሎ ከቁጥሩ ወጣ፣ ሚስቱም ለሟች ቤተሰብ ከተሰጠው መሬት ሳይደርሳት ቀረ። ያን ጊዜ ጮኸን ተናግረናል፣ የሰማን የለም፤ አሁንማ የምንናገረውም አልቀናል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በገበያ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ፣ በቁጥር አልሳሳትም። ኮረብታው ላይ የሞቱብን ስምንት ናቸው።