ሦስት ቁልፍ ያለው በር

ፖሊሶች የያዙኝ በቤተ መጻሕፍታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ ነው። የበሩን ቁልፍ ከኪሴ አውጥተው ወሰዱ፤ እኔንም አምቦ ወስደው ከአንድ ጠባብ ክፍል ጨመሩኝ። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነበር። አዲስ ገቢ የሚተኛው ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነው። ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የጊንጪ ሹፌር ነበር።

«ኦቦ፣ በምን ገቡ?»

«በመጽሐፍ።»

«ሰርቀው?»

«አላሰርቅም ብዬ።»

ክፍሉ ሳቀ። ካቦው ከባልዲው አርቆ ቦታ ሰጠኝ።

ከአራተኛ ክፍል በኋላ አስተማሪ አላየሁም፤ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በከተማችን ግን ዲግሪ ካላቸው ሁሉ በላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ ቤተ መጻሕፍቱን ሲሠራ ያስተባበርኩ እኔ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ በጀት ያስፈቀድኩም እኔ። የምንገዛውን መጽሐፍ ራሳችን እንመርጥ ነበር፤ ለልጆቻችን በአፋን ኦሮሞ፣ ለሌላውም በአማርኛ። ኋላ ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጣ፤ በጀቱም ምርጫውም ከላይ ይሆናል፣ ቤቱን አስረክቡ የሚል። እንቢ አልን። አገሩ በተቃውሞ የታመሰበት ጊዜ ስለነበር፣ እንቢ ያለ ሁሉ ፖለቲከኛ ነበር።

በሩ እንደ እድራችን ዕቃ ቤት ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ ሦስት ሰው ካልተገናኘ አይከፈትም። ይህንንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰብረው ቢገቡ ደግሞ፣ ያለ ርክክብ የጎደለ ዕቃ ሁሉ በእነሱ ላይ ይቆጠራል።

መርማሪው ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነበር።

«ቁልፍህ አንዱን ብቻ ከፈተ። ሁለቱ ማን ጋ ናቸው?»

አንዱ የእድራችን ሰብሳቢ ጋ፣ ሌላው ገና የምታጠባ ነርስ ጋ ነበር።

«ሦስቱም የኔ ናቸው» አልኩት። «እኔን የመሰለ አንባቢ ቁልፉን ለሌላ አምኖ የሚሰጥ ይመስልሃል?»

«የት አሉ ታዲያ?»

«ጉደር ወንዝ ውስጥ። ዋና ከቻልክ ሂድ።»

በጥፊ መታኝ። መነጽሬ ወድቆ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ «እውነቱን ነው፤ ይሄ ጉረኛ ለማንም አያካፍልም» አለው።

በማግስቱ ነርሷ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ይዛልኝ መጣች። ፖሊስ በመካከላችን ቆሟል። መነጽሬን፣ ከዚያም ያበጠውን ጉንጬን አየች። እጇ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ። ቁልፉን የምትቋጥረው እዚያ ነው።

«አባባ፣ እነግራቸዋለሁ። እኔ እኮ...»

«ምን ልትነግሪ!» ጮህኩባት። «አንቺ ስለ መጽሐፍ ምን ታውቂያለሽ? ቤቱም የኔ፣ ቁልፉም የኔ! ሄደሽ ልጅሽን አጥቢ!»

ፖሊሱ ሳቀ። «ሽማግሌው ነግሦልናል!»

እሷ ቋጠሮውን በጭብጧ እንደያዘች ሄደች።

ጩኮውን ለክፍሉ ሁሉ አካፈልኩ። ካቦው ጩኸቴን ሰምቶ ኖሮ፣ «ምግብ ባመጣች ሴት ላይ እንዲህ ይጮኻል?» አለኝ። በዕድሜዬ ስለ ጉብዝናዬ ያልተናገርኩበት ጊዜ ቢኖር ያ ብቻ ነው።

የሚያስረክብ ስላጡ ትእዛዙ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እኔም ቁልፌን ተቀብዬ ተፈታሁ። በጀቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም፤ እኔም አልደከመኝም። ጠዋት ጠዋት ሦስታችን በሩ ላይ እንገናኛለን። ሰብሳቢው ይከፍታል፣ እኔ እከፍታለሁ፣ የመጨረሻውን እሷ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ትከፍታለች። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ቤቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ እላለሁ። እሷም ትሰማኛለች፤ ቁልፏንም መልሳ ትቋጥራለች።